ባዕድ መለዋወጫና የአምራቹ ዋስትና

በአዳማ ጋራዣችን ዘወትር የምንጠየቀው፣ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የተገዛ ባዕድ (በአምራቹ ያልተሠራ) ዕቃ መኪናው ላይ ከተገጠመ ወዲህ የአምራቹ ዋስትና ይጸናል ወይስ ይሻራል የሚል ነው። ቶዮታን የመሳሰሉ አምራቾች በዋስትና ደብተራቸው እንደሚደነግጉት፣ ባዕዱ ዕቃ ራሱም ሆነ እርሱ ያመጣው ጥፋት አይሸፈንም፤ ከዕቃው ጋር አንዳች ተዛምዶ የሌለው የማርሽ ወይም የመብራት ብልሽት ግን በዚሁ ሰበብ ሊገፋ አይገባውም። በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ እንኳ፣ አምራቹ ዕቃውን በነፃ ካልሰጠ በቀር፣ ዋስትናውን በራሱ ስም በተጠራ መለዋወጫ ላይ እንዳያስር በመርሕ ደረጃ ከልክሎታል።

ፍሬ ነገሩ እንግዲህ ምክንያተ ጥፋቱን መመርመር ነው። ባለፈው ሰሞን ከሞጆ ወደ መቂ ሲጓዝ የዘይት መብራት የበራበትን የአንድ ፒክአፕ ባዕድ የዘይት ፊልትሮ በመጋዝ ከፍለን ብናይ፣ ወረቀቱ ከማጣበቂያው ተላቆ፣ እጥፋቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተደፍቶ፣ ዘይቱም ሳይጣራ ያልፍ እንደ ነበር በጣታችን ላይ ከቀረው የብረት ብናኝ ተረዳን። እዚህ ላይ አምራቹን መክሰስ ከንቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ ስለሚያደርገው፣ ክሱ የሚያመራው ወደ ፊልትሮ ሻጩ ነበር፤ ባለንብረቱ ግን (እንደ አብዛኞቻችን) ደረሰኝ አልተቀበለም።

ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ሳትጥሉ ከደረሰኙ ጋር አኑሩ፤ ዋስትና ሲነፈጋችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።