ፓወር ሰፕላይ በድንገት የሚጠፋው ስለ ምንድን ነው?

ከውጭ አገር ከሚገቡት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መካከል ቴሌቪዥኑ፣ ኮምፒዩተሩ፣ የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያና የስልኩ ቻርጀር በውስጣቸው አንድ ዓይነት የኃይል ማቀበያ አላቸው፤ ይኸውም በንግድ ቤት «ፓወር ሰፕላይ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ይህ ክፍል ሥራውን በድንገት ሲያቋርጥ ገዢው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ለባለሱቁ ይመልሳል፤ ባለሱቁ አስመጪውን ይወቅሳል፤ አስመጪውም ወይ ኪሳራውን ይቀበላል ወይ ደንበኛውን ያጣል። ነገር ግን የጠፋ ዕቃ ሁሉ የተበላሸ ዕቃ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ አደጋ ሲያገኘው ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ከምን አደጋ ራሱን እንደ ጠበቀ ነው።

የአሠራሩ ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። ከመስመር የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በመጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ተለውጦ በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ይጠራቀማል። ቀጥሎም አንድ ትራንዚስተር ይህን ኃይል በሴኮንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል፤ ከዚያም ዕቃው ወደሚፈልገው 5፣ 12 ወይም 19 ቮልት ይወርዳል። ትራንዚስተሩን የሚያዘው አይሲ ነው። ለምሳሌ ዩሲ3842 የተባለው የታወቀ አይሲ ሥራ የሚጀምረው 16 ቮልት ገደማ ሲያገኝ ሲሆን፣ የሚደርሰው ኃይል ከ10 ቮልት በታች ሲወርድ ሥራውን ያቆማል።

እንግዲህ በሰሜን ወሎ፣ በዋድላ ወረዳ፣ በኮን ከተማ ሱቅ ያለው ነጋዴ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢመለስለት፣ ዕቃው ሳይፈታ ገዢውን «የሚጠፋው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይረዳል። መልሱም ከሚከተሉት ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

1ኛ፦ ማታ ማታ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ምክንያቱ የመስመሩ ቮልት መውረድ ሊሆን ይችላል። በየቤቱ መብራትና የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚበራበት ሰዓት በመስመሩ ጫፍ ላለው ቤት የሚደርሰው ቮልት ይቀንሳል። በዚያው ሰዓት የሶኬቱን ቮልት መለካት ነገሩን ይገልጸዋል። መድኃኒቱም ስታቢላይዘር ነው እንጂ ዕቃውን መለወጥ አይደለም።

2ኛ፦ ጥቂት ከሠራ በኋላ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ እንደ ገና የሚሠራ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሙቀት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ አየሩ ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ያነሰ ነው። የደጋው ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሰዋል፤ ቢሆንም በቀትር ፀሐይ በጋለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የአየር መግቢያው በአቧራ ለተደፈነ ዕቃ ብርዱ አይደርስለትም። አቧራውን መጥረግና ዕቃውን ከግድግዳ ፈቀቅ ማድረግ ይገባል።

3ኛ፦ ጧት በብርድ አልነሣ ብሎ ሲሞቅ የሚሠራ ከሆነ፣ ካፓሲተሩ ማርጀቱን ያመለክታል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየደረቀ ሲሄድ ኃይል የመያዝ ችሎታው ይደክማል፤ ብርዱም ድካሙን ያብሰዋል። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ከተገኘ በዓይነቱና በመጠኑ ትክክል በሆነ አዲስ መተካት ነው።

4ኛ፦ እንደ ተሰካ «ጢቅ፣ ጢቅ» እያለ የሚነሣና የሚወድቅ ከሆነ፣ አይሲው ሥራ ለመጀመር እየሞከረ ወዲያው ይቆማል ማለት ነው። የሚመግበውን ክፍል ነቅሎ መሞከር ያስፈልጋል። ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋቱ በተነቀለው ክፍል ነው፤ ካልተመለሰ ግን በመውጫው በኩል ያለው ዲዮድ ተቃጥሎ፣ ወይም አይሲውን የሚመግበው ትንሹ ካፓሲተር ደክሞ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ዕቃውን የሚፈታው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሁን። ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ የቀረው 310 ቮልት ሰው ሊገድል ይችላል።

አስመጪውን በተመለከተ፣ ዕቃ ከማዘዙ በፊት በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ትልቅ ጥቅም ይሰጠዋል። «100–240 ቮልት» የሚል የተጻፈበት ዕቃ የመስመሩን መውረድ በሰፊው ይችላል፤ «220–240 ቮልት» የሚለው ግን ፈጥኖ ይጠፋል። ከቻይና ከሚመጡት አንዳንዶቹ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ከፍታ እንዳልተዘጋጁ የሚያስታውቅ ምልክት አለባቸው። ቀጭን አየር ሙቀትን የመውሰድ ኃይሉ ከማነሱም ሌላ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከሽቦ ወደ ሽቦ እንዳይዘል የመከላከል ኃይሉም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ስትሆን፣ ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ይህ ምልክት ለደጋው ገበያ ቸል የሚባል አይደለም።

በዋጋ ጥቂት የሚረክስ ዕቃ በየሳምንቱ ከተመለሰ ርካሽ አይባልም። ባለሱቁ የሚመለስለት ዕቃ በምን ሰዓትና በምን ሁኔታ እንደ ጠፋ በመዝገብ እየጻፈ ለአስመጪው ቢያስታውቅ፣ አስመጪውም ይህን ተመልክቶ ቀጣዩን ትእዛዝ ቢያስተካክል፣ ሁለቱም ከኪሳራ ይድናሉ፤ ገዢውም ያመሰግናቸዋል።