አንድ ወንዝ የሚያጠጣቸው የሁለት አገሮች ኑሮ

ሰው የራሱን ኑሮ በራሱ ዓይን ብቻ ሲመለከት ይሳሳታል። ጥቂት ያገኘ እንደ ሆነ ሁሉን የጨበጠ ይመስለዋል፤ ጥቂት የጐደለበት እንደ ሆነ ከርሱ የከፋ ድኻ ያለ አይመስለውም። ስለዚህ አስተዋዮች የሆኑ ሰዎች ኑሯቸውን ከጎረቤታቸው ኑሮ ጋራ ያመዛዝናሉ። ይህንንም ማድረጋቸው ጎረቤት በበረታበት ለመማር፥ ጎረቤት በወደቀበትም ለመጠንቀቅ ነው። የመንግሥታትም ነገር እንደዚሁ ስለ ሆነ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ኑሮ አስተያይተን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል።

ይህን ነገር ለመመልከት ከአዲስ አበባ ይልቅ ከድባጤ መነሣት ይሻላል። ድባጤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ያለች ወረዳ ናት። ጉሙዙና ሺናሻው፥ አማራውና ኦሮሞው፥ አገዉም በአንድ ገበያ የሚገናኙባት፥ ማሽላና ዳጉሳ፥ በቆሎና ሰሊጥ የሚያበቅል መሬት ያላት አገር ናት። በደቡቧ ዓባይ ያልፋል። ይኸው ውሃ ወደ ምዕራብ ወርዶ በጉባ በኩል ከኢትዮጵያ ይወጣል፤ ሮዛሪስንና ሰናርን አልፎም በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋራ ይገናኛል። ከእኛ ተራራ ተጠርጎ የሚወርደው አፈር በብዙ ሺህ ዘመን እየተደለደለ የሱዳንን ጥቁር ሜዳ አበጅቶታል። ስለዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል ወሰን ቢኖርም ውሃውና አፈሩ ዘመዳሞች ናቸው።

ወሰኑም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የሱዳንን ወሰን የተዋዋሉት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሁለቱ አገሮች ሕዝብ አንዳንድ ጊዜ በጦር፥ ብዙ ጊዜ ግን በንግድና በጥገኝነት ሲገናኝ ኖሯል። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ መውደቃቸው አይረሳም። እንዲሁም አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ካርቱም ተቀምጠው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወሰን ተሻግረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገዳቸው በዚሁ በመተከል ምድር በበላያ ተራራ በኩል እንደ ነበረ አይረሳም። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ጊዜ፥ ዳግመኛም በ1913 ሳይሆን በቅርቡ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ነፍሳቸውን ያተረፉት በሱዳን ምድር ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ዘመናዊ ሥልጣኔ የሚባለው ሥራ በሱዳን የተጀመረው ከእኛ ቀድሞ ነው። የእንግሊዝ ጦር ለዘመቻ የዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1892 ዓ.ም. ከካርቱም ማዶ ደርሷል፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። የሱዳን ሐዲድ እየጨመረ ሄዶ ከ4500 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ፥ የእኛው አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ከወደብ እስከ መናገሻ ከተማ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ። በካርቱም የጎርደን ትምህርት ቤት በ1895 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሲከፈት ለሕፃናት ትምህርት ቢሆንም እያደገ ሄዶ በ1948 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የሐኪሞች ትምህርት ቤትም በዚያው ከተማ በ1916 ዓ.ም. ተቋቋመ። በእኛ ዘንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፥ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ነው የተከፈተው።

ከሁሉም የሚደነቀው የገዚራ እርሻ ነው። ገዚራ ማለት በጥቁርና በነጭ ዓባይ መካከል ያለው ሜዳ ነው። የሰናር ግድብ በ1917 ዓ.ም. በተፈጸመ ጊዜ ውሃው በቦይ ወደ ሜዳው ተለቀቀና የጥጥ እርሻ ሆነ። ሜዳው ከደጋው ወደ ቆላው በቀስታ ያዘነበለ ስለ ሆነ ውሃው ያለ መኪና በገዛ ራሱ ይወርዳል። እርሻውም እየሰፋ ሄዶ ከ8 መቶ ሺህ ሄክታር በለጠ፤ በዓለም ላይ በአንድ አስተዳደር ሥር ከሚለሙት ታላላቅ የመስኖ እርሻዎችም አንዱ ለመሆን በቃ። የእኛ ገበሬ በዚያው ዘመን፥ ዛሬም በብዙ ስፍራ፥ ዓይኑን ወደ ሰማይ አቅንቶ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። ውሃው ከእኛ እየወጣ መስኖው ከእነርሱ ዘንድ መሆኑ ሊያስቈጨን ቢችልም፥ ቍጭት ብቻውን ቦይ አይቈፍርም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ሰምተህ እንግዲያውስ ሱዳን ለምን ከእኛ ርቃ አልሄደችም ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር በመልሱ ውስጥ ይገኛል።

በመጀመሪያ፥ ያ ሥራ የተሠራው ለሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ሐዲዱ ለጦር ተዘረጋ፤ ጥጡም ለእንግሊዝ አገር ፈታዮችና ሸማኔዎች መኪና ተዘራ። ሁለተኛውና የከፋው ነገር ሀብቱ በመሐል አገር መቅረቱ ነው። ካርቱምና ገዚራ ሲለሙ ደቡቡና ዳርፉር፥ ከእኛ ጋራ የሚዋሰኑትም ኰረብታዎች፥ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም ሳይበቃቸው ቀሩ። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝ አዲሶቹ ሹማምንት ይህን ጕድለት ከማቅናት ይልቅ ወረሱት። የደቡቡ ሰው ነጻነቱ ሳይታወጅ ገና በነሐሴ 1947 ዓ.ም. መሣሪያ አነሣ። ያ ጦርነት በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ስምምነት በረደ፤ በ1975 ዓ.ም. ግን እንደ ገና ተቀጣጥሎ እስከ ጥር 1997 ዓ.ም. ቈየ። በመጨረሻም ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ተለይታ ራሷን የቻለች መንግሥት ሆነች።

በዚህ መካከል ነዳጅ ተገኘ። በ1991 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያው ነዳጅ በመርከብ ወደ ውጭ ተላከ፤ ካርቱምም በፎቅና በድልድይ አጌጠች። በዚያን ጊዜ የአንድ ሱዳናዊ ገቢ በአማካይ ሲታሰብ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ገቢ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበረ። ዳሩ ግን በሒሳብ መዝገብ የሚታየው አማካይ ገቢ ለዳርፉር እረኛ አልደረሰውም። በ1995 ዓ.ም. ዳርፉር ነደደች። ደቡቡ ሲለይም ከነዳጁ ሦስት አራተኛ ያህሉ አብሮት ሄደ፤ በነዳጅ ታምኖ እርሻውን የዘነጋው መንግሥትም ባዶ እጁን ቀረ።

ከዚያም የባሰው መጣ። ዳርፉርን ለማስገበር የተሰማሩት የፈረስና የግመል ጭፍሮች ኋላ ጦር ሆነው ተደራጁ፤ መሪያቸውም ከአገሩ መደበኛ ጦር አዛዥ ጋራ ለሥልጣን ተቀናቀነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም መካከል ውጊያ ተነሣ። ሐኪም ቤቱ፥ ዩኒቨርሲቲው፥ ድልድዩ፥ መዛግብቱም የጥይት ሰለባ ሆኑ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጦርነቱ የገዚራ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ወድ መደኒ ደረሰ፤ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው እርሻም ገበሬው ሸሽቶት ቦዩ ደፈነ። ከቤቱ የተፈናቀለው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በለጠ፤ በዳርፉርም ረኀብ መግባቱ በ2016 ዓ.ም. ተረጋገጠ። ሦስት ትውልድ የደከመበትን ሥራ ጥቂት ሰዎች በጥቂት ወራት እንዴት ሊያጠፉት እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ዘግይታ ብትነሣም በገዛ እጇ የሠራችው ሥራ አለ። በ1982 ዓ.ም. ገደማ የሰው ዕድሜ በአማካይ 50 ዓመት የማይሞላ ነበረ፤ ዛሬ ከ60 በልጧል። ለዚህም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደየቀበሌው የተላኩት ከ30 ሺህ የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብዙ ረድተዋል፤ እነዚህም አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች የሆኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። በአሶሳም ዩኒቨርሲቲ ተተክሏል። ከሁሉም በላይ በመተከል ምድር በጉባ፥ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፥ 5150 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጭ ሥራ ነው። ገንዘቡም የወጣው ከመንግሥት ግምጃ ቤትና ከሕዝቡ ኪስ ነው፤ የቀን ሠራተኛውና ባልቴቲቱ ሳይቀሩ ቦንድ ገዝተውበታል። ሰናርን ባዕድ ለራሱ ጉዳይ ሠራው፤ ጉባን ግን ባለ አገሩ ሠራው። ይህ ልዩነት ታላቅ ነው።

ነገር ግን በዚህ ተመክተን ብንተኛ ሱዳን የወደቀችበት ጕድጓድ ለእኛም ተቈፍሯል። እውነቱን መናገር የሹምም የካህንም ግዴታ ነው። ከኢትዮጵያ ሕዝብ የኤሌክትሪክ መብራት የሚያገኘው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። በሰሜን የተደረገው ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተነሥቶ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ የጠፋው ነፍስና ንብረት ገና አልተተካም። በዚሁ በመተከልም ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቶ እጅግ የሚያሳዝን ደም ፈሷል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በአንድ ቀን ከመቶ የሚበልጥ ሰው ተገድሏል፤ ከመተከል ወረዳዎችም ብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ ማሳውንና ከብቱን ጥሎ ተሰዷል። ድባጤም ከዚህ መከራ አልዳነችም። ግድቡ ወደ ላይ ሲያድግ በግድቡ አገር ሰው ይወድቅ ነበር ማለት ነው።

የነገሩ ሥር ምንድር ነው ቢሉ፥ ከሱዳን ያየነው የመሐልና የዳር ነገር በእኛም ዘንድ ስላለ ነው። ጉሙዝ በቀድሞ ዘመን ለባርነት ሲታደን የኖረ ሕዝብ ነው፤ የባርነት ሥራ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ትዝታው ከልብ አልተፋቀም። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በረኀብ የተጎዱ ወገኖች ከሌላ አገር መጥተው በፓዊ ሜዳ ሲሰፍሩ፥ ሰፋሪውም ሳይጠየቅ፥ የአገሩም ተወላጅ ሳይጠየቅ ሆነ። ኋላም መሬት ለባለ ሀብት ሲመራ፥ መሬቱን በየዓመቱ እያፈራረቀ በመቈፈሪያ የሚያርሰው ሰው ባዶ መሬት የያዘ ተቈጠረ። አንዱ ወገን መሬቴ ተወሰደ ይላል፤ ሌላው ወገን ተወልጄ ባደግሁበት እንግዳ ተባልሁ ይላል። ሁለቱም እንባ እውነት ነው። ሁለቱን የሚሰማ ዳኛ በታጣ ጊዜ ነው ቀስትና ጠመንጃ ዳኛ የሚሆኑት።

እንግዲህ የሹማምንት ሥራ የታወቀ ነው። አንደኛ፥ የግድቡ ብርሃን ወደ ሩቅ አገር ተሽጦ ሲሄድ የመተከል መንደሮች በጭለማ እንዳይቀሩ ይታሰብበት። ምሰሶው በራሱ ላይ አልፎ ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ ልማት የሚባለውን ቃል አያምንም። ሁለተኛ፥ የመሬት ይዞታ በየወረዳው በሽማግሌና በመዝገብ ይጣራ፤ የጉሙዙ የፍርርቅ እርሻም እንደ እርሻ ይቈጠር። ሦስተኛ፥ የተሰደደው ተመልሶ ሲገባ በራሱ ማሳ ይግባ፤ ደም ያፈሰሰም በወገኑ ሳይሆን በሥራው ይፈረድበት። አራተኛ፥ ከመንግሥት ትእዛዝ ውጭ መሣሪያ የሚይዝ ጭፍራ፥ ለጊዜው ቢጠቅም እንኳ፥ አይፈልፈል። ሱዳንን ያፈረሳት ለጊዜው ይጠቅማል ተብሎ የታጠቀው ጭፍራ ነውና።

ካህናቶቻችንም ድርሻቸው ቀላል አይደለም። በመተከል የታረቀና የተማማለ ሕዝብ የሚጠብቀው ወረቀት ሳይሆን የሰው ቃል ነው። ካህኑ፥ ሼኩና የጉሙዝ ሽማግሌ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ደም ያደረቁበት ጊዜ እንዳለ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። የንስሓ አባት የነፍስ ልጁን ጾሙን ጠብቀሃል ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ፥ የጎረቤትህን ማሳ ገፍተሃል ወይ ብሎም ይጠይቀው። በቀልን በስብከት ማለዘብ፥ ከጦር ሠራዊት ይልቅ ርካሽና ዘላቂ የሰላም ዘብ ነው።

የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ከጦርነቱ የሸሹ ሱዳናውያን በኩርሙክ በኩል ተሻግረው ወደ አሶሳ አገር ገብተዋል፤ በኡራም ሰፍረዋል። ከእነርሱ መካከል መምህሩም ሐኪሙም ነጋዴውም አለ፤ ከእኛ አስቀድሞ ባቡርና ኮሌጅ የነበረው አገር ልጆች ናቸው። ትናንት እኛን ያስጠጉን ዛሬ በእኛ ደጅ ቆመዋል። እንግዳን ማስተናገድ ያባቶቻችን ወግ ስለ ሆነ እንጀራችንን እናካፍላቸው። እያየናቸውም እንማር፤ ሐዲድ ቢረዝም፥ ግድብ ቢከፍል፥ ነዳጅ ቢፈስስ፥ የዳሩ ሰው እንደ መሐሉ ሰው ካልታየ አገር እንደማይቆም እነርሱ በኑሯቸው ይነግሩናል። የድባጤ ገበሬ በሰላም ዘርቶ በሰላም ያጨደ ዕለት፥ ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ልማት እውነተኛ ነው ለማለት እንችላለን። ይህንንም ለማየት ልዑል እግዚአብሔር ያብቃን።