የሠርጋችሁ ቪዲዮ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው እንዴ?

የዛሬው ጉዳያችን ኮምፒውተር ነው። «ደግሞ ምን መጣ!» ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የሠርጋችሁ ቪዲዮ፣ የልጃችሁ ክርስትና፣ የምረቃችሁ ፎቶ አሁን የት ነው ያለው? ድሮ አልበም ውስጥ ነበር። አልበሙ ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑም እናታችን አልጋ ስር። ዛሬ ግን ሁሉም ነገር ሃርድ ዲስክ በሚሉት፣ ከመዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ብረት ውስጥ ገብቷል። ብረቱ ደግሞ ይሞታል። አዎ፣ ይሞታል! አንዳንዱ ትንሽ አቃስቶ፣ አንዳንዱ ምንም ሳይናገር።

ትዳር ያናጋው ዲስክ

ባለታሪኮቼ ባልና ሚስት ናቸው። ሳሪስ አቦ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ፎቶና ቪዲዮ ይሠራሉ። ስማችን እንዳይነሳ ብለው አደራ ስላሉኝ አደራቸውን እጠብቃለሁ። እሱ ካሜራ ይይዛል፤ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታስገባለች። ጥር መጥቶ ሠርግ ሲደራረብ በሳምንት ሦስት አራት ድግስ የሚቀርጹበት ጊዜ አለ። የተቀረጸው ሁሉ የሚራገፈው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ደግሞ ያለው አንድ ዲስክ ነው። የካሜራው ካርድ ለሚቀጥለው ሠርግ ስለሚፈለግ ወዲያው ይጸዳል።

ሚስት «ሁለተኛ ዲስክ እንግዛ» እያለች ትወተውታለች። ባል «መጀመሪያ የቤት ኪራዩን እንክፈልና እንተንፍስ» ይላል። ወሩ አልፎ ሌላ ወር ተተካ። አንድ ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ፣ እንደገና ሄደ፣ እንደገና መጣ። ኮምፒውተሩን ሲያስነሱት ከሆዱ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። አበቃ!

ዲስኩ ላይ ገና ያልተረከቡ የሦስት ሙሽሮች ሠርግ ነበረበት። ከሁለቱ ጋር ገንዘብ በመመለስ ተስማሙ። ሦስተኛዋ ግን ገንዘብ አልጠየቀችም። አባቷ ከሠርጉ በኋላ አርፈዋል። ልጃቸውን ሲሸኙ ቆመው የመረቁት ምርቃት ያለው እዚያ ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። «ብሩን ተዉት፤ የአባቴን ድምፅ ብቻ ስጡኝ» አለቻቸው። ዲስኩን ይዘው ያላንኳኩት የጥገና ቤት የለም። አልተቻለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ትገምታላችሁ። «ብዬህ ነበር!»፣ «አሁን ደግሞ ልትወቅሺኝ ነው?» ሲባባሉ ሰነበቱና ሚስት ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ነገሩ ሽማግሌ ድረስ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ፊት ለመታረቅ ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለተኛ ዲስክ! ሽማግሌዎቹ ዲስክ ምን እንደሆነ ባያውቁም «የጠየቀችው ፍትሐዊ ነው» ብለው ፈረዱላት።

ሥራውን የሠራላቸው ኮምፒውተር የሚጠግን የሰፈር ልጅ ነው። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ እያነበብኩ ያጣራሁትን ነው የማካፍላችሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለቆምኩት ለእኔ ከገባኝ ለእናንተማ እንዴት አይገባችሁም!

መስታወቱ ምንድነው?

አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ዲስክ ትገዛላችሁ፤ ኮምፒውተሩ የሚጻፈውን ሁሉ በሁለቱም ላይ እኩል ይጽፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ደንበኛው ፊት ለፊት ቆሞ እንኳ ቢሆን ላያውቅ ይችላል። ይህ አሠራር «ሬይድ አንድ» ወይም መስታወት ይባላል።

ሬይድ የሚለውን ስም ያወጡት በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርት ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን ማስተባበር እንደሚሻል ተከራከሩ። ሁለት ዲስክን መስታወት ማድረግ ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ እነሱ ግን አሠራሮቹን በደረጃ ከፋፈሉና መስታወቱን «ደረጃ አንድ» አሉት። ይኸውላችሁ፣ ነገሩ ገና ሲጀመር የርካሽ ዲስክ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ የባንክ ቤት ብቻ አይምሰላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። «ሬይድ ዜሮ» የሚባልም አለ፤ እሱ ፍጥነት ለመጨመር ዕቃችሁን ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ይበትነዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። «ሬይድ አስገብቼልሃለሁ» የሚላችሁን ጠጋኝ «ስንተኛው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለምን ሊኑክስ?

ይህን ሥራ የሚሠራ ልዩ ካርድ ይሸጣል። ካርዱ ራሱ የተቃጠለ ቀን ግን ብዙውን ጊዜ ተመሳሳዩን ፍለጋ መንከራተት ነው። በሶፍትዌር ሲሠራ ግን ዲስኮቹን ነቅላችሁ ሌላ ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩ ይነበባሉ።

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1991። ከሊኑክስ ቤተሰቦች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ደግሞ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። መስታወቱን የሚያስተዳድረው «ኤምዲአድም» የተባለው ፕሮግራምም እንዲሁ በነጻ ነው።

«የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራሜ እኮ ዊንዶውስ ላይ ነው የሚሠራው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። መፍትሔው ያረጀውን ኮምፒውተር ጎተራ ማድረግ ነው። ሥራችሁን በዊንዶውሱ ትሠራላችሁ፤ እህሉን ሊኑክሱ ጎተራ ውስጥ ታስገባላችሁ። ሁለቱን በኬብል የሚያገናኘው ፕሮግራም ስሙ ሳምባ ነው። ሳምባ ስላችሁ የምንተነፍስበትን እንዳይመስላችሁ!

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሰፈራችን ልጅ ሁለቱን ዲስኮች አስገብቶ፣ መስታወቱን ሠርቶ «አለቀ» አለ። ሚስትየው ግን ቀላል ሰው አይደለችም። «እስቲ አንዱን ንቀልና አሳየኝ» አለችው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የመጀመሪያውን ዲስክ ነቅሎ ሲያስነሳው ጥቁር ስክሪን ሆነ! ቪዲዮዎቹ በሁለተኛው ዲስክ ላይ በሙሉ አሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ቀስቃሽ አለ። ስሙ ግሩብ ይባላል። ቀስቃሹን የሚፈልገው የኮምፒውተሩ ቦርድ ራሱ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ሊኑክስ ስለሠራው መስታወት የሚያውቀው ነገር የለም። በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ቀስቃሹ የሚቀመጠው «ኢኤፍአይ» በሚባል፣ በፋት 32 በተቀረጸ ትንሽ ክፋይ ውስጥ ነው። በድሮዎቹ፣ ባዮስ ባላቸው ላይ ደግሞ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው። ልጁ ቀስቃሹን ያስቀመጠው በመጀመሪያው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ቤቱ ሁለት በር ኖሮት ቁልፉ የአንዱ ብቻ እንደማለት ነው። ልጁ ሳያኮርፍ እንደገና ሠራው። ይመስገን!

አሠራሩ በተራ በተራ

1ኛ. ሁለት ዲስክ ግዙ። መጠናቸው እኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ 1 ቴራ ሌላው 2 ቴራ ቢሆን መስታወቱ የሚይዘው 1 ቴራ ብቻ ነው። ከተቻለ ከተለያየ ሱቅ ወይም ከተለያየ ፋብሪካ ይሁኑ። አብረው ከአንድ ካርቶን የወጡ አብረው ሊታመሙ ይችላሉ። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሠራ «ስማርት» በተባለው መመርመሪያ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

2ኛ. በውስጣቸው የምትፈልጉት ነገር ካለ መጀመሪያ አውጡ። ይህ ሥራ ሁለቱንም ያጸዳቸዋል።

3ኛ. የኡቡንቱ ሰርቨርን መጫኛ በፍላሽ አዘጋጅታችሁ አስነሱ። ስለ ዲስክ ሲጠይቃችሁ «ራሴ ላዘጋጅ» የሚለውን ምረጡ። የመጀመሪያውን ዲስክ ማስነሻ አድርጉት፤ ሁለተኛውን ደግሞ «ተጨማሪ ማስነሻ» የሚለውን መርጣችሁ ጨምሩት። ያ ጉድጓድ የሚደፈነው እዚህ ላይ ነው። በዴቢያን የምትሠሩ ከሆነ የሁለተኛውን ዲስክ ቀስቃሽ ራሳችሁ ማስገባት ይኖርባችኋል።

4ኛ. በሁለቱም ላይ የቀረውን ቦታ እኩል ክፋይ አድርጉ፤ ፎርማት ግን አታድርጉት። ከዚያ ሁለቱን ክፋዮች መርጣችሁ «ሶፍትዌር ሬይድ» ፍጠሩ፤ ደረጃውን 1 በሉት። ሊኑክሱ የሚቀመጠው በዚህ መስታወት ላይ ነው። ስዋፕ የሚባለውም መጠባበቂያ ቦታ በመስታወቱ ላይ ይሁን፤ በአንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ካደረጋችሁት ዲስኩ ሲሞት ኮምፒውተሩም አብሮ ይወድቃል።

5ኛ. ተጭኖ ሲያልቅ ሁለቱ ዲስኮች እስኪመሳሰሉ ጠብቁ። 1 ቴራ ዲስክ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ኤምዲስታት የሚባለውን ፋይል ስትከፍቱ ሁለት «ዩ» የሚባሉ ፊደላት ጎን ለጎን ካያችሁ ሁለቱም በሕይወት አሉ ማለት ነው። የአንዱ ቦታ በሰረዝ ከተተካ አንዱ ተለይቷል።

6ኛ. አሁን ፈትኑት። ኮምፒውተሩን አጥፉና አንዱን ዲስክ ነቅላችሁ አስነሱ። ከተነሳ አጥፉና መልሳችሁ ሰኩት፤ ወደ መስታወቱ ጨምሩትና ተመሳስሎ እስኪያልቅ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሌላውን ነቅላችሁ ፈትኑ። ሳትጠብቁ ተራ በተራ ብታስነሷቸው እያንዳንዱ የየራሱን ታሪክ ይጽፍና ማንኛው እውነተኛ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

7ኛ. ወደፊት አንዱ ሞቶ አዲስ ስትተኩ፣ አዲሱ ላይ ክፋዮቹን እንደ ሌላው ሥሩ፤ ወደ መስታወቱ አስገቡት፤ ቀስቃሹንም እንደገና ጫኑበት። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር እንዳትረሳ አደራ!

መስታወት ማስቀመጫ አይደለም

መስታወት ፊት ቆማችሁ ብታለቅሱ ያለቅሳል፤ ብትስቁ ይስቃል። ዲስኩም እንደዚያው ነው። በስህተት ፋይል ብታጠፉ በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይጠፋል። ቫይረስ ቢገባ ሁለቱም ጋ ይገባል። ሌባ ኮምፒውተሩን ይዞ ቢሄድ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። መብራት ሲመለስ የሚያመጣው ግፊትም ሁለቱን በአንዴ ሊያቃጥል ይችላል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ በፈረቃ የኖርንበትን ጊዜ አትረሱትም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እሰየው! የሰፈር ሽቦና የሰፈር ትራንስፎርመር ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ዩፒኤስ መግዛቱን አትተዉ።

ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን ፊልም የሠራው ፒክሳር እንኳ ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ሰው በሰጠው የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂው ደግሞ በትክክል እየሠራ አልነበረም። ያተረፋቸው ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ የነበረች አንዲት ባልደረባቸው ቤቷ ያስቀመጠችው ቅጂ ነው። የስንት ሰው ልፋት በአንዲት አራስ ቤት ተረፈ!

ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶ አንሺ ለሙያ ጓደኞቹ ያስተማራት ቀላል ሕግ አለች፦ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቤት ውጪ ይቀመጥ። ስለዚህ መስታወቱን ከሠራችሁ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ እናታችሁ ቤት አስቀምጡ። የእናት ሳጥን ዛሬም ሥራ አለው።

መስታወት የሠራ ሰው የሚያጠፋው ትልቁ ጥፋት መርሳት ነው። አንዱ ዲስክ ከሞተ በኋላ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ስለሚቀጥል፣ ባለቤቱ በአንድ እግር እንደቆመ ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ። ሁለተኛው ሲሞት ነው ጩኸቱ። ለዚህ ቀን ቁረጡ። ለሳሪስ ልጆች ቀኑ ቀላል ነው፤ ወር በገባ በ5፣ የአቦ ዕለት! ከቤተክርስቲያን መልስ ሁለቱን «ዩ» ማየት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የሌላ ሰፈር ልጆችም የየራሳችሁን ቀን ምረጡ።

ሙሽሮችም ብትሆኑ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ካሜራው ብቻ አትጠይቁ። «የኛ ሠርግ ስንት ዲስክ ላይ ይቀመጣል? አንዱ ተነቅሎ ተሞክሯል ወይ?» በሉ። የሚስቅባችሁ ካለ ሌላ ፈልጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገሩ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት በደህና ያቆየን!