194,313፦ ፋሲካን ወደ ቀኑ የሚመልስ ቁጥር

ካርቱም ውስጥ ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሶችና ኮፕቶች ፋሲካን የሚያከብሩት በአንድ ቀን ነው፤ ሁለቱም የእስክንድርያን ቀመር ይከተላሉና። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር የፈረሰችው ሶባ የክርስቲያናዊው የኑብያ መንግሥት የአልዋ መዲና ነበረች። የኑብያ ክርስቲያኖችም በመቃብር ድንጋዮቻቸው ላይ ዘመንን በእስክንድርያው ዓመተ ሰማዕታት ጽፈዋል።

የቀመሩ ማሰሪያ ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም 532 ዓመት ነው። በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል። ቁጥሩን ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብንበትነው 3 × 7 × 19 × 487 እናገኛለን። ሰባቱ የሳምንት ዕለታት ናቸው። አሥራ ዘጠኙ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የምትገጥምበት ንኡስ ቀመር ነው። የ3 እና የ487 ብዜት 1,461 ደግሞ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት የቀን ድምር ነው። 4፣ 7 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 532 ሆነ።

በመካከል 76 ዓመት፣ ማዕከላዊ ቀመር አለ፤ 27,759 ቀናት። የዐቢይ ቀመር ሳምንታትም ልክ 27,759 ናቸው! በ76 ዓመት ወንጌላዊውና ጨረቃው ይመለሳሉ፤ ዕለቱ ግን በአራት ይገፋል። ሰባት ጊዜ አራት 28 ነውና ዕለቱም የሚመለሰው በሰባተኛው ዙር ነው።

የኢትዮጵያ ትውፊት ይህን ስሌት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የ532 ዓመቱን ሰንጠረዥ ግን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያዘጋጀው የእስክንድርያው መነኩሴ አኒያኖስ ነው። በእኛ ዘመን ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ የግእዙን ሐሳብ ለዓለም አስተዋውቋል፤ ጌታቸው ኃይሌም «ባሕረ ሐሳብ» በተሰኘ መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አብራርተውታል።

2018 ዓ.ም.ን እንመልከት። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። በ532 ሲገደፍ 70 ይተርፋል፤ 70 በ19 ሲገደፍ 13። አንዱ ለዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፤ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ አበቅቴና መጥቅዕ አንድ ላይ 30 ይሞላሉ። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ዋለ፤ ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ገባች፤ ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ።

ሰማይ ከቀመሩ ትንሽ ይለያል፤ በ532 ዓመት ጨረቃ 1.7 ቀን ያህል ትቀድማለች። ሆኖም ሊቃውንቱ ያተረፉልን ትልቅ ነገር ነው፤ 194,313ን በትናንሽ ቁጥሮች ስለፈቱት ደብተራው ያለ ሰሌዳ ያሰላዋል። በ1486 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር፤ በ2550ም ይህ ቀመር ካልተለወጠ ሚያዝያ 4 ይሆናል።