«የሐበሻ ቀጠሮ» ወይስ የሁለት ሰርቨሮች አለመግባባት?

በልደታ ሠፈር ከማለዳ ጀምሮ ከሰው አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል ቢኖር «ቀጠሮ» የሚለው ነው። ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የሚጣደፈው ባለጉዳይ የሚያስበው ቀጠሮውን ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚጠብቀውም እንዲሁ። ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው ሲገኝ ደግሞ ሁላችንም የምንወረውረው የተዘጋጀ ፍርድ አለን፤ ይኸውም «የሐበሻ ቀጠሮ!» የሚለው ነው። አንባብያን ሆይ፤ ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ሰውን ያለ ጥፋቱ እንደሚቀጣ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

አንዲት የማውቃት ወጣት፣ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት፣ በዚሁ ሠፈር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አለቃዋ ከሌላ መሥሪያ ቤት ከሚመጡ አራት ሰዎች ጋራ ስብሰባ እንድታዘጋጅ አዘዟት። እርሷም ሰኞ ወደ ማታ የኮምፒዩተሯን ካላንደር ከፍታ የአራቱን ሰዎች የኢሜይል አድራሻ አስገባች። በስማቸው ትይዩ በሥራ መያዛቸውን የሚያመለክት ቀለም አላየችም፤ ያየችው ሰያፍ ሰረዝ ብቻ ነበር። «እንግዲያው ነጻ ናቸው» ብላ ለማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጥሪ ላከች። ማክሰኞ አዳራሹ ተሰናዳ፤ ሻይ ቀረበ፤ እንግዶቹ ግን አልመጡም። ለካ በዚያው ሰዓት በራሳቸው መሥሪያ ቤት ቀድሞ የተያዘ ስብሰባ ነበራቸውና ጥሪውን ያዩት ከዚያ ሲወጡ ነው። ወጣቲቱ በሰው ፊት ተወቀሰች። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ሲመረመር የዚያኛው መሥሪያ ቤት ሰርቨር የማንነት ማረጋገጫው ጊዜ አልፎበት ተገኘ። ወቀሳውን ግን ማንም አላነሣላትም።

ለመሆኑ ሰርቨር ማለት ምንድር ነው? የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይልና ካላንደር የሚይዝ ኮምፒዩተር ነው፤ እንደ መዝገብ ቤት ኀላፊ ቍጠሩት። የባልደረባችሁን ትርፍ ሰዓት ስትጠይቁት መዝገቡ በእጁ ነውና ወዲያው ይመልስላችኋል። የምትጠይቁት የሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ሲሆን ግን ወደዚያኛው መዝገብ ቤት መልእክተኛ መላክ አለበት። መልእክተኛውም አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም አድራሻ፣ የማንነት ወረቀት፣ ፈቃድና ትክክለኛ ሰዓት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ አውትሉክ ያን ሰያፍ ሰረዝ ያሳያል። ትርጉሙም «ሰውየው ነጻ ነው» ሳይሆን «ወሬ አላገኘሁም» ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው።

በመጀመሪያ አድራሻን እንመልከት። ኤክስቼንጅ የተባለው የማይክሮሶፍት ሰርቨር የሌላውን ቤት በር የሚያገኘው «አውቶዲስከቨር» በሚባል አገልግሎት አማካይነት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰርቨሩን ቀይሮ በአድራሻው መዝገብ ላይ አሮጌው ከቀረ መልእክተኛው የፈረሰ ቤት ያንኳኳል። አሮጌው የልደታ መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት የቀድሞ ወዳጁን ደጅ ፈልጎ ያጣ ሰው ይህን ሳይነግሩት ይረዳዋል።

ሁለተኛው የማንነት ወረቀት ነው። ሰርተፊኬት የሚባለው ይህ ወረቀት እንደ መታወቂያ የሚያበቃበት ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ወይም በላዩ ያለው ስም ከሰርቨሩ ስም ጋራ ካልገጠመ በር አይከፈትም።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊዎች ለውጭ ሰው የተያዘውንና ያልተያዘውን ሰዓት ብቻ ለማሳየት፣ ወይም የስብሰባውን ርእስና ቦታ ጨምሮ ለማሳየት፣ ወይም ምንም ላለማሳየት ይችላሉ። ፈቃዱም በየወገኑ ለየብቻ የሚሰጥ ስለ ሆነ እኛ እነርሱን እያየን እነርሱ እኛን ላያዩ ይችላሉ።

አራተኛው ሰዓት ነው። ሰርቨሮች የሚለዋወጡት የይለፍ ቃል ዕድሜው አጭር ነው። በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ የተለመደው ከርቤሮስ የተባለው የማረጋገጫ ሥርዐት እንኳ እንደ ተለመደው አሠራር ከ5 ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነት አይቀበልም። ሰዓቱ የተዛባበት ሰርቨር እንግዲህ እውነተኛውን እንግዳ እንደ አታላይ ቈጥሮ ይመልሰዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ላይ የራሳችን ሰዓትና የራሳችን ዘመን አለን። ነገሩ ለልደታ አዲስ አይደለም። ቦሌ ሳይሠራ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በዚሁ በልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የአገሩን ሰዓት ከፈረንጅ ሰዓት ማስማማት ግድ ነበር። ዛሬ ያ ሥራ ኮምፒዩተር ለያዘ ሁሉ ደርሷል። «3 ሰዓት» ለማለት 3:00 ብሎ የሚጽፍ ሰው ስብሰባ የሚጠራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ጊዜም አዲሱ ዓመት በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል በልማድ 11 ብሎ የሚያሰላ ሰው በአንድ ቀን ይሳሳታል። ሰርቨሮች ካላንደር የሚለዋወጡበት «አይካለንደር» የተባለው ደንብ በፈረንጆች 1998 ሲወጣ የተመሠረተው በፈረንጆቹ አቈጣጠር ነው። በ2015 የወጣው ተጨማሪ ደንብ ግን ሌሎችንም የዘመን አቈጣጠሮች ተቀብሎ 13ኛዪቱን ወራችንን በምሳሌነት ጠቅሷል።

እንግዲህ ሰያፉ ሰረዝ ሲመጣባችሁ አትደናገጡ፤ አትገምቱም። ሦስት ነገር ብቻ መርምሩ። የማይታየው የአንድ ሰው ሰዓት ነው ወይስ የመላው መሥሪያ ቤት? የአንድ ሰው ከሆነ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፈቃዱ ወይም ከኢሜይል አድራሻው ነው። እነርሱስ እኛን ያያሉን? የሚያዩ ከሆነ መንገዱ የተዘጋው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ከመቼ ጀምሮ ጠፋ? ሁሉም በአንድ ቀን ከጠፋ የሰርተፊኬቱን ቀንና የሰርቨሩን መቀየር ጠይቁ። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ለአይቲ ባለሙያው ብትሰጡት የቀናት ድካም ታቀሉለታላችሁ። እስኪጠገን ድረስ ግን ስልክ ደውሉ፤ በጥሪያችሁም ላይ ቀኑን በሁለቱም አቈጣጠር፣ ሰዓቱን «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ።

ነገ የአለቃነት ወንበር የምትቀመጡበት እናንተ ናችሁ። ቀጠሮ ፈርሶ አንድ ታናሽ ሠራተኛ በፊታችሁ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም «የሐበሻ ቀጠሮ» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት ታገሡ። በልደታ ያሉት ዳኞች እንኳ ምስክር ሳይሰሙ አይፈርዱም።