የወል መሬቱ ጥያቄና የቀበሌው ምክር ቤት

በአንድ የገጠር ቀበሌ የወል ግጦሽ መሬት ላይ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሊነሱ ይችላሉ። ከብት ያላቸው አርሶ አደሮች መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት የጋራ ሀብታቸው በመሆኑ እንዳለ እንዲጠበቅላቸው ይፈልጋሉ። የራሳቸው ይዞታ የሌላቸው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከብት ለማድለብ፣ ንብ ለማነብ ወይም በመስኖ ለማልማት ከመሬቱ እንዲቆረስላቸው ይጠይቃሉ። የተማሪ ወላጆች ደግሞ ልጆቻቸው በተጨናነቀ ክፍል ስለሚማሩ ተጨማሪ ክፍሎች የሚሠሩበት ቦታ እንዲሰጥ ያሳስባሉ። ሦስቱም ጥያቄዎች ተገቢ ምክንያት አላቸው። መሬቱ ግን አንድ ነው።

ይህን መሰሉ ጥያቄ በበርካታ የሀገሪቱ የገጠር አካባቢዎች የተለመደ ሲሆን፣ በቅድሚያ የሚቀርበውም ለቀበሌው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ጉዳዩን በአግባቡ ከያዘው ሦስቱም ወገኖች በከፊል ያገኛሉ፤ በከፊልም ይተዋሉ። በአግባቡ ካልያዘው ግን ጥያቄው ወደ ጠብ፣ ጠቡም ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ደም መቃባት ሊያመራ ይችላል። በመሆኑም የቀበሌ ምክር ቤት ምንነት፣ ሥልጣንና የአሠራር ወሰን በየእርከኑ ለሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ግልጽ ሊሆን ይገባል።

ከጭቃ ሹም እስከ ምክር ቤት

የመንደር ጉዳይ በመንደር የመዳኘቱ ልማድ አዲስ አይደለም። በንጉሣዊው ሥርዓት ዘመን በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ግብር የሚያሰባስበው፣ የአካባቢውን ሰላም የሚጠብቀውና አነስተኛ ክርክሮችን የሚያየው ጭቃ ሹም ነበር። ጭቃ ሹሙ ተጠሪነቱ ለበላዩ ሹም እንጂ ለመንደሩ ነዋሪ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ አርሶ አደሩ በገበሬ ማኅበራት እንዲደራጅ ተደረገ። አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ እንዲቋቋም በአዋጁ ተመልክቷል። በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌ የሚለው መጠሪያም በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው። የገበሬ ማኅበራቱ መሬት የማከፋፈልና ክርክር የማየት ሥልጣን ነበራቸው። በሌላ በኩል ለግዳጅ የእህል ግዥና ለወታደራዊ ምልመላ መሣሪያ በመሆናቸው በአርሶ አደሩ ዘንድ ጥሩ ትዝታ አልተዉም። ዛሬም አንዳንድ ነዋሪ "ቀበሌ ይፈልግሃል" ሲባል የሚያድርበት ስጋት የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

በ1987 ዓ.ም በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደንግጓል። ዝርዝሩ ለክልሎች የተተወ ነው። በ1994 ዓ.ም ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት፣ ለአብነት፣ ቀበሌን ከክልልና ከወረዳ ጋር የክልሉ የአስተዳደር እርከን አድርጎታል።

ሦስት አካላት፣ ሦስት ተግባራት

በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት በቀበሌ ደረጃ ሦስት አካላት ይገኛሉ። የመጀመሪያው በነዋሪው የሚመረጠው የቀበሌ ምክር ቤት ሲሆን፣ በአፈ ጉባኤ ይመራል። ሁለተኛው ዕለታዊ ሥራውን የሚያከናውነው የቀበሌ አስተዳደር ምክር ቤት ሲሆን፣ በተለምዶ ካቢኔ ተብሎ ይጠራል። ሦስተኛው አነስተኛ ክርክሮችን የሚያየው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ነው። ምክር ቤቱ ይመክራል፣ ይወስናል፣ ይቆጣጠራል፤ አስተዳደሩ ያስፈጽማል፤ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ይዳኛል።

ይህ ክፍፍል በወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም በተግባር ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። ነዋሪው ምክር ቤቱን፣ ካቢኔውንና ሊቀመንበሩን ለይቶ አያይም፤ ሁሉም "ቀበሌ" ናቸው። ሊቀመንበሩም በምክር ቤቱ ስም የሚወስንበት፣ ውሳኔውን የሚያስፈጽምበትና በዚያው ውሳኔ ላይ የሚነሳውን ቅሬታ የሚሰማበት አጋጣሚ አለ። አንድ ሰው ወሳኝም አስፈጻሚም ዳኛም ሲሆን ቅሬታ ያለው ነዋሪ የሚሄድበት አያገኝም።

ከአካባቢ ምርጫዎች መካከል ሚያዝያ 5 እና 12 ቀን 2000 ዓ.ም የተካሄደው በምክር ቤቶቹ አደረጃጀት ላይ ጉልህ ለውጥ ያስከተለ ነበር። በዚያን ወቅት የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጓል። የቁጥሩ ማደግ ጎጦች ሁሉ ተወካይ እንዲኖራቸውና የሴቶች ተሳትፎ እንዲጨምር በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ 300 ሰዎችን በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ በአንድ ጉዳይ ላይ በጥልቀት ማወያየት ቀላል እንዳልሆነ ሥራው ላይ ያሉ ሁሉ ያውቁታል። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ምልዓተ ጉባኤ ማሟላትም የዚያኑ ያህል አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄው የሚጓዝበት መንገድ

ወደ ወል ግጦሽ መሬቱ ጥያቄ ስንመለስ፣ ጉዳዩ ተገቢውን መንገድ ከተከተለ በቅድሚያ የሚነሳው በጎጥ ስብሰባ ላይ ነው። የጎጡ ተወካዮች ጥያቄውን ለአፈ ጉባኤው ያቀርባሉ፤ አፈ ጉባኤው በአጀንዳ ያስይዛል። ከጉባኤው በፊት የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ የመሬቱን ስፋት፣ ድንበርና የተጠቃሚውን ብዛት አጣርቶ እንዲያቀርብ ይደረጋል። በቀበሌው የተመደቡት የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኞችም መሬቱ ለምን እንደሚስማማ ሙያዊ አስተያየት ይሰጣሉ። ቁልቁለት ለሆነና ለተጎዳ መሬት ከልቅ ግጦሽም ሆነ ከእርሻ ይልቅ ተከልሎ ሣሩ እየታጨደ መጠቀም ሊመረጥ ይችላል።

ምክር ቤቱ ከዚህ በኋላ ሦስቱንም ወገኖች አዳምጦ ይወስናል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ የተስማሙት ብቻ ሳይሆኑ በልዩነት የቆሙትም ሐሳባቸው ይመዘገባል። የወል መሬትን ለሌላ አገልግሎት ማዋል በቀበሌ ደረጃ ብቻ የሚያልቅ ባለመሆኑ ቃለ ጉባኤው ለወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይላካል። በጉዳዩ ላይ ተፈጻሚ የሚሆኑትም የክልሉ የመሬት ሕግና አዋጅ ቁጥር 456/1997ን የተካው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ናቸው።

በዚህ ሂደት ውስጥ ቃለ ጉባኤው ከምንም በላይ ዋጋ አለው። በጽሑፍ ያልሰፈረ ውሳኔ ሊቀመንበሩ ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ወጣቶቹ "ተሰጥቶናል"፣ ከብት አርቢዎቹ "አልተሰጠም" ሲሉ ማስረጃ የሚሆነው ያ በእጅ የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው።

ስም ዝርዝሩ በአደባባይ ሲነበብ

የምክር ቤቱ ሚና የሚፈተንበት ሌላው ጉዳይ የእርዳታ ተጠቃሚዎች ልየታ ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ ዋስትና ችግር ባለባቸው ወረዳዎች ተጠቃሚዎች በማኅበረሰቡ እንዲለዩ ያደርጋል። የመለየቱን ሥራ የሚያከናውነው የማኅበረሰብ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሲሆን፣ የተለዩት ሰዎች ስም በሕዝብ ፊት ተነብቦ አስተያየት ይሰጥበታል።

የፕሮግራሙ ማስፈጸሚያ መመሪያ ከግብረ ኃይሉ የተለየ የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲቋቋም ያዛል። ኮሚቴው የተቀበላቸውን ቅሬታዎችና የደረሱበትን ደረጃ ለቀበሌው ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም እልባት ያላገኙትን መርምሮ ወደ ወረዳው ምክር ቤት ያስተላልፋል። የአሠራሩ ቁም ነገር ስምን የመዘገበው አካል ቅሬታውንም እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ኮሚቴው ለይስሙላ ከተቋቋመና አባላቱ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ከሆኑ ግን፣ ጧሪ የሌላት አሮጊት ስሟ ሳይነበብ ሲቀር አቤት የምትለው ስሟን ለዘለሉት ሰዎች ይሆናል።

የሽማግሌና የዳኛ ድርሻ

በመንደር የሚነሳ ችግር ሁሉ የምክር ቤት አጀንዳ አይሆንም። የድንበር መግፋት፣ የከብት ሰብል ማበላሸት፣ የባልና ሚስት አለመግባባትና የብድር ጥያቄ በአብዛኛው በሽማግሌዎች፣ በሃይማኖት አባቶችና በዕድር በኩል እልባት ያገኛሉ። ሽማግሌ የሚታመነው ሁለቱንም ወገን ስለሚያውቅና ከፍርዱ በኋላም አብሯቸው ስለሚኖር ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች መሠረት እንዲዳኙ ፈቅዷል። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል።

እዚህ ላይ "በፈቃድ" የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባም። ምክር ቤቱም ሆነ አስተዳደሩ አንድን ሰው ሳይወድ በሽማግሌ እንዲታረቅ ማስገደድ አይችልም። በተለይ ሴቶች የመሬት ይዞታ መብታቸውን ወይም በአካላቸው ላይ የደረሰን ጥቃት ይዘው ሲቀርቡ "ሽማግሌ ይየው" ብሎ መመለስ ፍትሕ መንፈግ ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልልና በሌሎች አካባቢዎች የተጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስም በጋራ መያዙ ብዙ ሴቶች በክርክር ጊዜ በእጃቸው ማስረጃ እንዲኖራቸው አስችሏል። ምክር ቤቱም ከሽምግልናው ይልቅ ይህን ማስረጃ ማስቀደም ይኖርበታል።

የአሠራሩ ድክመቶች

የቀበሌ ምክር ቤቶች ድክመት ከሁለት ምንጮች ይቀዳል። አንደኛው የአቅም ማነስ ነው። የምክር ቤት አባላት ደመወዝ የሌላቸው አርሶ አደሮች ናቸው፤ ቀበሌውም በአብዛኛው ራሱን የቻለ በጀት ስለሌለው በወረዳው ላይ ጥገኛ ነው። ምክር ቤቱ የእጅ ፓምፕ እንዲጠገን ቢወስን መለዋወጫውና ባለሙያው የሚገኙት ወረዳ ላይ ነው። ውሳኔው ሳይፈጸም ሲቀር የሚወቀሰው ግን የመንደሩ ተወካይ ነው።

ሁለተኛው የተጠያቂነት መላላት ነው። በ2010 ዓ.ም ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተላልፎ ቆይቶ በቀጣዩም ዓመት ሳይካሄድ ቀርቷል፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም የተካሄደው ጠቅላላ ምርጫም የገጠር ቀበሌ ምክር ቤቶችን አላካተተም። ሚያዝያ 2005 ዓ.ም ከተመረጡት አባላት መካከል በሞት የተለዩ፣ አካባቢያቸውን የለቀቁና ተሳትፏቸውን ያቋረጡ መኖራቸው አይቀርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው የማንሳት መብት ቢሰጠውም፣ መደበኛው ምርጫ ሲዘገይ ይህ መብት ብቻውን ክፍተቱን አይሞላውም። ጸጥታ በደፈረሰባቸው አካባቢዎች ደግሞ ጉባኤ መጥራት ራሱ አዳጋች ይሆናል።

የወረዳው ድርሻ

ችግሮቹ በአንድ ጊዜ የሚፈቱ ባይሆኑም በወረዳ ሠራተኞችና ኃላፊዎች እጅ ያሉ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው ለምክር ቤቱ ውሳኔ መልስ መስጠት ነው። ጥያቄው የሚፈጸም ከሆነ መቼ እንደሚፈጸም፣ የማይፈጸም ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ሊገለጽ ይገባል። ሁለተኛው ቀበሌን የትእዛዝ መቀበያ ብቻ አድርጎ ከማየት መቆጠብ ነው። በማዳበሪያ፣ በክትባትና በተፋሰስ ልማት ዘመቻ የተጠመደ ምክር ቤት የነዋሪውን የራሱን ጥያቄ ለማየት ጊዜ አያገኝም። ሦስተኛው ቀላል የሚመስለው የመዝገብ አያያዝ ነው፤ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ቃለ ጉባኤዎችን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥና ነዋሪው ሲጠይቅ እንዲያሳይ ማድረግ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የወል ግጦሽ መሬቱ ጥያቄም ፍጻሜው በዚሁ ይወሰናል። ምክር ቤቱ ሁሉንም ወገን ሰምቶ ለትምህርት ቤቱ ከዳር ጥቂት ቦታ፣ ለወጣቶቹ በተወሰነ ጊዜ የሚታደስ የመጠቀም ፈቃድ፣ ለከብት አርቢዎቹም ቀሪውን መሬት ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ቢመድብ ሁሉም ያሰቡትን ያህል አያገኙም። ነገር ግን ውሳኔው በፊታቸው የተሰጠ፣ ምክንያቱን የሚያውቁትና በመዝገብ የሰፈረ ስለሚሆን ቅር የተሰኘው ወገን በሕጋዊ መንገድ የሚሞግትበት መነሻ ይኖረዋል። "ዳኛ ቢያዳላ በዳኝ፣ እማኝ ቢዋሽ በማን ይዳኛል" የሚያሰኝ ሁኔታ እንዳይፈጠር የሚያደርገውም በአደባባይ መምከርና የተመከረውን መመዝገብ ነው።