ሳይነካኩ የሚገፋፉ

በጥር ማታ፣ የእንጅባራ ብርድ ሲጠና፣ መብራት ጠፍቶ ሹራብ ሲወልቅ ጠሽ ጠሽ ይላል፤ ልብ ብሎ ላየ ጥቃቅን ብልጭታም አለው። ሹራቡ ከፀጉርና ከውስጥ ልብስ ጋር ሲፋተግ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው አልፈዋል። የተቀበለው ኔጌቲቭ፣ የሰጠው ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ።

ኃይሉን በመሣሪያ ለክቶ ያሳየው ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎም ነው፤ ዘመኑ 1785 እ.ኤ.አ.። በመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ ከፀጉር በቀጠነ የብር ሽቦ ላይ ቀላል ዘንግ አግድም አንጠለጠለ። በዘንጉ ጫፍ ትንሽ ኳስ አለች፤ አጠገቧ ሌላ የማትንቀሳቀስ ኳስ ቆማለች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቻርጅ ሲያገኙ የተንጠለጠለችው ትሸሻለች፣ ሽቦውም ይጠመዘዛል። የጥምዘቱ መጠን የግፊቱ ልክ ነው።

ኳሶቹ መጀመሪያ 36 ዲግሪ ተራራቁ። ኩሎም ሽቦውን ከላይ 126 ዲግሪ ጠምዝዞ ወደ 18 አቀረባቸው፤ የሽቦው ጠቅላላ ጥምዘት 126 ሲደመር 18፣ ማለትም 144 ሆነ፤ የ36 4 እጥፍ። ቀጥሎ 567 ጠምዝዞ 8 ተኩል ላይ አደረሳቸው፤ ድምሩ 575 ተኩል፣ 16 እጥፍ ገደማ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ 4 እጥፍ ያድጋል። በእነዚህ ሦስት ንባቦች ይህን ያህል መናገር መቻሉ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ኃይሉ ቀላል አይደለም። እያንዳንዳቸው 1 ኩሎም (በእሱ ስም የተሰየመው የቻርጅ መለኪያ) ተመሳሳይ ቻርጅ የያዙ ሁለት ነገሮች 1 ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ በ9 ቢሊዮን ኒውተን ይገፋፋሉ፤ ይህ የ900 ሺህ ቶን ክብደት ያህል ነው። በፍትጊያ የምናገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የ1 ኩሎም ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም።

የዳንግላ ወይም የእንጅባራ መምህር ይህን ለማሳየት ፌስታል ይበቃዋል። ሁለት ቀጫጭን ቁራጮችን ከላይ አንድ ላይ ይዞ በደረቅ የሱፍ ጨርቅ ወደ ታች ደጋግሞ ቢያሻቸው ቁራጮቹ ይከፈታሉ፤ ለማጋጠም ቢሞክርም እምቢ ይላሉ። ሙከራው የሚያምረው በበጋ ነው። በክረምት እርጥበት በዕቃው ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራና ቻርጁን ያሾልከዋል። ኩሎምም የኳሶቹ ቻርጅ በአየሩ ምክንያት ቀስ በቀስ ሲቀንስ አይቶ በፍጥነት ይለካ ነበር።

ያው ክረምት ግን ከላይ ሌላ ሥራ አለው። በደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ቻርጅ ይለያያል፤ ኔጌቲቩ በብዛት ከታች ይከማቻል። ከሥሩ ያለውን የምድር ኤሌክትሮን ይገፋል፤ የመሬቱ ገጽ፣ በተለይም ረጅም ዛፍ፣ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። መብረቅ ሲወርድ ዛፉን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ ከዛፉም ሥሩ ወደ ተጠለለው ሰው ሊዘል ይችላል።